አጋዘን በ22 ካሊበር?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጀማሪ አዳኝ መጀመሪያ የሚይዘው ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ትከሻ አይመታም፣ ለጥንቸል ይበቃል። ለአጋዘንስ? በፍጹም!

ምክንያቱ አሠራሩ ነው፤ የዚህ ጠመንጃ ምላጭ ሲሳብ የሚመታው የቀለሃው ጠርዝ ነው። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ቀለሃው ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ቀለሃ ደግሞ ብዙ ግፊት አይችልም። ስለዚህ 2.6 ግራም የምትመዝነው የተለመደችው እርሳስ ከአፈሙዝ ስትወጣ ጉልበቷ 200 ጁል እንኳ አይሞላም። የኮሎራዶ ሕግ ግን ለአጋዘን የሚተኮስ ጥይት 100 ያርድ ተጉዞ እንኳ 1,350 ጁል ገደማ እንዲቀረው ያዛል።

«ገድዬበታለሁ» የሚል መቼም አይጠፋም፤ ድምፁ ዝቅ ስለሚል ሕገወጥ አዳኞችም ይወዱታል። ጥይቷ የትከሻ አጥንት ላይ ከቀረች ግን እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ ሞቱም ቀናት ሊፈጅ ይችላል።