ስለ መኪና እስፒከር ሕመምና ምርመራው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሳይንስ ክበብ የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበብ አባሎች በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት፣ ስለ ልብና ስለ ሳንባ መረጡ። እኔ የመረጥሁት ግን ከደነባ ደብረ ብርሃን በሚመላለሰው ሚኒባስ በር ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖረው ስለ እስፒከር ነው። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛዬ «ይህ የጋራዥ ወሬ እንጂ ሳይንስ ነውን?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ አላስቀየመኝም፤ እኔም አስቀድሞ እንደ እርሱ አስብ ነበርና። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የምናገረው ነገር አጎቴን ብዙ ገንዘብ ያስከፈለ ነው፤ እርሱም ዛሬ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ ያደምጠኛል።

በመጀመሪያ እስፒከር ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ከበሮን ሁላችንም እናውቃለን። ከበሮ የሚጮኸው ቆዳው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየተርገበገበ በአጠገቡ ያለውን አየር ስለሚገፋው ነው። እስፒከርም በቆዳ ፈንታ የመሶብ ክዳን የመሰለ ሾጣጣ ወረቀት አለው። ከሾጣጣው ጫፍ በስተኋላ እንደ ክር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ተጣብቋል፤ በዙሪያውም ጠንካራ ማግኔት አለ። ከበሮን የሚመታው እጅ ነው፤ ይህን ወረቀት የሚመታው ግን በጥቅሉ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ጥቅሉ ይገፋል፤ ሲመለስ ደግሞ ይሳባል። ለወፍራም ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ያህል፣ ለቀጭን ድምፅ ደግሞ ብዙ ሺሕ ጊዜ እንዲሁ ይመላለሳል።

በሽቦ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር ያስታወቀው ኦርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1820 ነበር። ዛሬ በየመኪናው የምናየውን ዓይነት እስፒከር ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች በ1925 ለሊቃውንት ገለጡ። በ1930 ደግሞ ፖል ጋልቪን የተባለው አሜሪካዊ ራዲዮ ከመኪና ጋር አጋጥሞ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙንም ሞቶሮላ አለው። በእኛ አገር ሾፌሮች ይህን ዕቃ እስከ ዛሬ «ቴፕ» ይሉታል። ካሴት የሚያጫውት ሾፌር ከጠፋ ብዙ ጊዜ ነው፤ የሚሰካው ፍላሽ ነው። ካሴቱ ሄዶ ስሙ ግን ቀርቷል፤ እኔም ቴፕ እያልሁ እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ አጎቴ ሚኒባስ እንመለስ። ከፊት በስተግራ ያለው እስፒከር ድንገት ዝም አለ። አጎቴ ወደ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙም በሩን ሳይፈታ ጆሮውን ብቻ አስጠግቶ «ተቃጥሏል» አለና አዲስ ገጠመለት። አዲሱ ሦስት ቀን ጮኸ፤ በአራተኛው ቀን እንደ ፊተኛው ዝም አለ። አጎቴ ቢመለስበት ጠጋኙ «እንግዲያውስ የተበላሸው ቴፑ ነው፤ ሌላ መግዛት አለብህ» አለው። አጎቴ በእጁ የነበረው ገንዘብ ደብረ ብርሃን ለምትማረው ልጁ የቤት ኪራይ ያስቀመጠው ነበር። ማታ ቤታችን መጥቶ ይህን ሲያጫውተን፣ «ጋሼ፣ አንድ እሑድ ብቻ ስጠኝ፤ እኔ ልየው» አልሁት። «አንተ ልጅ፣ የምታውቀው ነገር ነውን?» አለኝ። የፊዚክስ መጽሐፌን አሳየሁት። መጽሐፉን ሳይሆን ፊቴን አየና ቁልፉን ሰጠኝ።

ምርመራ የሚጀመረው በመፍቻ ሳይሆን በጆሮ ነው። በብዙ ቴፖች ላይ ድምፁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዞር ማስተካከያ አለ። ድምፁን ሁሉ ወደ ፊት ግራ ባዞርሁ ጊዜ መኪናው ጸጥ አለ፤ ወደ ሌሎቹ ሦስት ማዕዘኖች ባዞርሁት ጊዜ ግን አጥርቶ ይሰማ ነበር። ስለዚህ በሽተኛው አንድ ብቻ መሆኑ ታወቀ።

ቀጥሎ ቴፑን ከቦታው አወጣሁት። ለብቻቸው በሚሸጡ ቴፖች ጀርባ ላይ ሽቦዎቹ እንደ ደንቡ በቀለም ይለያሉ፤ ነጩ የፊት ግራ፣ ግራጫው የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው የኋላ ግራ፣ ሐምራዊው የኋላ ቀኝ ነው። እያንዳንዱም ጥቁር መሥመር ያለበት ጓደኛ አለው፤ መሥመር ያለበት ኔጋቲቭ ነው። ቴፑን አጥፍቼ የፊት ግራውንና የፊት ቀኙን አለዋወጥሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ጥፋቱ ከቴፑ ቢሆን ኖሮ ዝምታው ወደ ቀኙ በር በተዛወረ ነበር። ዳሩ ግን አልተዛወረም፤ ያው የግራው በር ዝም እንዳለ ቀረ። እንግዲህ ጠጋኙ ግዛ ያለው ቴፕ ጤነኛ ነበር።

የቀረው እስፒከሩና ሽቦው ነው። በሩን ፈትቼ እስፒከሩን ከሽቦው ለየሁት። ከዚያም ከእጅ ባትሪ ውስጥ ያወጣሁትን 1.5 ቮልት ድንጋይ በሁለት አጭር ሽቦ ለቅጽበት ነካ አደረግሁበት። «ጠቅ!» አለ፤ ወረቀቱም ወደ ውጭ ዘለለ። ጤነኛ እስፒከር እንዲህ ያደርጋል፤ ጥቅሉ የተቃጠለ ግን ምንም አይልም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ድንጋዩን ነክቶ መልቀቅ እንጂ አስሮ መተው አይገባም፤ የመኪናውን 12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ፈጽሞ አታስጠጉ። ቴስተር ያለው ሰው በኦም ይለካው። በጀርባው 4 ኦም የተጻፈበት እስፒከር በቴስተር ከ3 እስከ 4 ያህል ያሳያል። ቁጥሩ ማነሱ ጉድለት አይደለም፤ የተጻፈው ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው፣ ቴስተር የሚልከው ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄደውን ነው። ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ደግሞ እርስ በርሱ ተነካክቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ከቤት ጥግ የተጣለውን፣ «ተቃጥሏል» የተባለውን አሮጌውን እስፒከር አመጣሁና በድንጋዩ ነካሁት። እርሱም «ጠቅ!» አለ። አጎቴ በአጠገቤ ቆሞ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ነገር ግን ድንጋዩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ሁለት ጊዜ ሞከረው።

ሕመሙ የተገኘው ከሽቦው ላይ ነው። ሽቦው ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚሻገረው በማጠፊያው አጠገብ፣ በጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። በሩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ አስቡት። ላስቲኩ ከላይ ደኅና ይመስላል፤ በውስጡ ያለው መዳብ ግን ታጥፎ ታጥፎ ይበጠሳል። ቴስተሩን ከሁለቱ ጫፍ አያይዤ በሩን ሳንቀሳቅሰው፣ ገርበብ ሲል ያነባል፣ ሲከፈት ይጠፋል። አዲሱ እስፒከር ሦስት ቀን የጮኸውም ጠጋኙ ሲነካካው ሁለቱ ጫፎች ለጊዜው ስለ ገጠሙ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ታሪኩ ለእኔ የሚያስመካ በሆነ ነበር።

ሽቦውን ቀጠልሁት። የምጠቀልልበት ፕላስተር በእጄ አልነበረም፤ ሱቅ ሄጄ ልመለስ ብል ደግሞ ደስታዬ አላስቆም አለኝ። ቴፑን ከፍቼ «ጋሼ፣ ስማ!» አልሁት። ጮኸ። አጎቴ ሳቀ፤ ጎረቤቶችም መጡ። ድምፁን ከፍ አደረግሁና በሩን ዘጋሁት። ያን ጊዜ ያልተሸፈነው ሽቦ የበሩን ብረት ነካ፤ አራቱም እስፒከሮች በአንድነት ዝም አሉ።

ብዙ ሰው የእስፒከር ኔጋቲቭ ከመኪናው አካል ጋር አንድ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። በዛሬ ቴፖች ግን ሁለቱም የእስፒከር ሽቦዎች ከማጉያው ኀይል ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳቸውም ብረት መንካት የለባቸውም። አንዳንዱ ቴፕ ራሱን አጥፍቶ ይድናል። የእኛው አልዳነም። ጤነኛ መሆኑን እኔው በመረመርሁበት ቀን እኔው ገደልሁት።

አጎቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አዲሱ ስንት ያወጣል?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ያለ ቴፕ ለመሥራት ቢሞክርም ተሳፋሪው ድምፅ ወዳለው መኪና እየሄደበት አስቸገረው፤ በመጨረሻም በኪራዩ ገንዘብ ገዛ። ልጁም ያን ወር ከትምህርት ቤቷ ርቆ ከሚገኝ ዘመድ ቤት እየተመላለሰች ተማረች። እኔም በእረፍቴ ወራት በሚኒባሱ ላይ ረዳት ሆኜ ያለ ደመወዝ ሠራሁ። ዕዳዬ ሁሉ ተከፍሏል አልልም።

ይሁን እንጂ ረዳት ሆኜ ሳለሁ የሌሎችን ሾፌሮች መኪና ለማየት ቻልሁ፤ የሚልካቸውም አጎቴ ራሱ ነበር። በበጋ የመረሬው አቧራ በማግኔቱና በጥቅሉ መካከል ይገባል፤ ያን ጊዜ ድምፁ እንደ አሸዋ ይፋጫል። ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች እኩል አድርጋችሁ በቀስታ ስትገፉት መፋተጉ ይታወቃል። በክረምት ደግሞ በመስተዋቱ ጎን የሚወርደው ውሃ ወረቀቱን ያበሰብሰዋል። የሚንጠረጠር ድምፅ በሰማችሁ ጊዜ እስፒከሩን ከመኮነናችሁ በፊት የበሩን ሽፋን በመዳፋችሁ ተጫኑት፤ ቢተው የላላ ቡሎን ነው። አንዱ መኪና ውስጥ ያገኘሁት የወደቀ ሳንቲም ነበር፤ ለባለቤቱ መለስሁለት።

አንድ ሕመም ግን በጣም አስደንቆኛል። የአንዱ አይሱዙ እስፒከሮች ሁሉም ይጮኻሉ፤ ነገር ግን ከበሮው አይሰማም፤ ድምፁ ቀጥኖ ቀረ። ድምፁን ወደ አንድ ወገን ብቻ ሳዞረው ከበሮው ተመልሶ መጣ! ምክንያቱ የአንደኛው እስፒከር ፖዚቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ መታሰሩ ነው። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ እንደሚጎትቱ በሬዎች ማለት ነው። ይህንንም በድንጋዩ መለየት ይቻላል፤ ፖዚቲቩ በፖዚቲቭ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

እናንተ ወጣት ሾፌሮች ደግሞ ድምፅ ይበዛልናል ብላችሁ በአንድ መሥመር ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም እስፒከር ጎን ለጎን አትሰሩ። ኦሙ ወደ 2 ይወርዳል፤ ቴፑም ከዐቅሙ በላይ ይግላል። ድምፁን እስኪሰነጠቅ ማስጮህም ጥቅሉን ያቃጥላል፤ ሽታውን አንድ ጊዜ ያሸተተው አይረሳውም።

ከዚህ ንግግር በኋላ በአምስተኛው ክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ሁለት እስፒከሮች፣ አንድ ቴስተርና አንድ የባትሪ ድንጋይ ታገኛላችሁ፤ ሞክሩት። በአጠገባቸው ያለው ጥቁር ዕቃ የሞተው ቴፕ ነው። አጎቴም ሚኒባሱን ከግቢው በር ላይ አቁሞታል፤ መስማት የሚፈልግ ገብቶ ይስማ። በሩን ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት።