ፋይሉ የማኅበሩ፣ ደብተሩ የልጁ
(በጎጆ ከተማ ለየቲም አሳዳጊዎችና ለረጂ ወገኖች የቀረበ ንግግር)





በምንረዳው በእያንዳንዱ የቲም ስም በመደርደሪያችን ላይ አንድ ፋይል ይገኛል። ፎቶግራፉ፣ የልደት ዘመኑ፣ የአባቱ የሞት ማስረጃ፣ የአሳዳጊው ፊርማና የተሰጠው ገንዘብ ልክ ተመዝግቦበታል። አማና ስለሆነ በጥንቃቄ እንይዘዋለን። ይሁን እንጂ ፋይሉ የተጻፈው ለእኛና ለረጂው እንጂ ለልጁ አይደለም። አባቱ ሲስቅ እንዴት እንደነበር፣ በሬውን በምን ስም ይጠራ እንደነበር፣ እናቱ ከየት አገር ተድራ እንደመጣች በዚያ ውስጥ አይገኝም። ይህን የምታውቁት እዚህ የተቀመጣችሁት አጎቶች፣ አክስቶችና አያቶች ናችሁ። አላህ ዕድሜያችሁን ያርዝመው እንጂ እናንተም ሁልጊዜ አትኖሩም።

ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ከየቤቱ ከሚጣል ወረቀት፣ በልጁ በራሱ እጅ ስለሚሠራ ደብተር ነው። «ብርድ ልብስና የዘር ድንች የሚያስፈልገው ልጅ ባለበት በጄልዱ ደጋ ስለ ወረቀት ማውራት ቅንጦት አይሆንምን?» የሚል ወገን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ ሥራ ከየቲሞች ገንዘብ ላይ ምንም አይነሣም፤ ዕቃው ሁሉ ከቤት የሚገኝ ነው። ደግሞም ዲናችን የሰው ልጅ ስናሳድግ በአባቱ ስም እንድንጠራው በሱረቱል አሕዛብ አዞናል። ስሙን ብቻ አስቀርተን የአባቱን ታሪክ ብናስረሳው ከትእዛዙ መንፈስ ምን ያህል እንርቃለን?

ነገሩ በአፍሪካ እንግዳ አይደለም። በዩጋንዳ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘ እናቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ናክዎላ በሚባለው ማኅበራቸው አማካይነት ለልጆቻቸው «የመታሰቢያ መጽሐፍ» ማዘጋጀት ጀመሩ። የዘር ሐረጉን፣ የልጁን አወላለድና የቤተሰቡን ልማድ በሕይወት ሳሉ በእጃቸው ጻፉላቸው። የእኛ ልጆች አባቶች ግን አብዛኞቹ ሳይጽፉ ሄደዋል፤ የቀረው መንገድ ከእናንተ አንደበት ወደ ልጁ ብዕር ነው።

ወረቀትን ከውዳቂ መሥራትም ለሙስሊሙ ባይተዋር ሙያ አይደለም። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሳማርካንድና በባግዳድ ወረቀት የሚሠራው ካረጀ የተልባ እግር ጨርቅና ከገመድ ነበር። በአገራችንም ሐረር የታወቀ የመጻሕፍት ጥራዝ ባለቤት ነበረች፤ ሙያው ሊጠፋ ሲል በስማቸው የሚጠራውን ሙዚየም የመሠረቱት አቶ አብደላ አሊ ሸሪፍ መልሰው እንዲያንሰራራ ደክመዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት ግን ምርመራ አለ። ሟች በኖረበት ቤት ውዳቂ የሚመስል ወረቀት ሁሉ ውዳቂ አይደለም። የአባት የእጅ ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ፣ ደብዳቤ፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ የተጻፈ ዕዳ ሊኖር ይችላል። የሟች ዕዳ ከውርስ ክፍፍል በፊት የሚከፈል ነውና ያች ቁራጭ የየቲሙ ሐቅ የተንጠለጠለባት ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለው ሁሉ ለብቻው ይቀመጥ። የቁርኣን አንቀጽ ወይም የአላህ ስም ያለበትም፣ የረመዳን የሰዓት ሰሌዳ ቢሆን የሠርግ ጥሪ፣ ለብቻው ተለይቶ በመስጊዳችሁ ላለው ዓሊም ይሰጥ። (ይህች መጽሔትም ከዚህ አታመልጥም፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ባልዲው እንዳትጨምሯት።)

የተረፈው ያለቀ ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ የዕቃ ካርቶንና የእንቁላል መያዣ በእጅ ጥፍር በሚያህል መጠን ይቀደድና በባልዲ ውኃ ውስጥ ያድራል። የሚያብለጨልጭና ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት አይሟሟምና አይግባ። በማግሥቱ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ሙቀጫው ግን እህል የሚወቀጥበት አይሁን፣ የጽሕፈት ቀለም ያለበት ነው። ወረቀት በተወቀጠ ቁጥር ጭረቱ ያጥራል፣ ሉሁም ይሰባበራል። መድኃኒቱ በደንብ የተከተፈና የተቀቀለ ጥቂት የእንሰት ቃጫ መጨመር ነው።

ቡኮው በሰፊ ሳፋ በብዙ ውኃ ይቀጥናል። አሮጌ የመስኮት ወንፊት በአራት እንጨት ተወጥሮ ከሥር ይገባና ቀጥ ተደርጎ ይወጣል፤ ውኃው ሲንጠፈጠፍ ስስ ንብር ይቀራል። በነጠላ ቁራጭ ላይ ይገለበጥና ሌላ ጨርቅ ይደረብበታል፤ ብዙ ከተደራረበ በኋላ ሳንቃና ድንጋይ ይጫነዋል። ማድረቁ በጎጆ ክረምት አይሞከርም፤ ጉሙ ሳይነሣ ወረቀቱ ይሻግታል። ከጥቅምት በኋላ ያለው ፀሐይ ይበቃል። በደረቀው ላይ እንደ አጥሚት የቀጠነ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ይቀባና በጠርሙስ ይታሻል፤ ይህ ካልተደረገ ቀለሙን ይጠጣዋል። እርድ ቢጫ፣ የቡና አተላ ቡናማ ቀለም ይሰጣል። ከዚያ አራት አራቱ ሉህ ታጥፎ በእጥፋቱ ላይ በመርፌ ይሰፋል። ለሽፋኑ ካርቶን ላይ ከአባት ኩታ ወይም ከእናት ሻሽ የተረፈ እራፊ ቢለበጥበት ምንኛ መልካም ነው።

በውስጡ ምን ይግባ? ልጁ የፈለገው። በአማርኛ ይጻፍ በቁቤ፣ መጻፍ ያልቻለ ይሣል። የሰው መልክ መሣል የማይወዱ ቤተሰቦች አሉ፤ ቤቱን፣ በሩን፣ የአባቱን ጫማ፣ የራሱን መዳፍ ልክ ይሣል። እናንተ ተርኩለት፤ አስጠኑት ግን አላልንም። የመሬት ደብተርና የሞት ማስረጃ ዋናው ቅጂ በምንም ምክንያት አይለጠፍበት፤ ቦታቸው ሌላ ነው።

ለረጂዎቻችን አንድ ነገር በግልጽ እንናገራለን። የልጁን ደብተር አሳዩን ብላችሁ አትጠይቁን። እኛም ገጹን ፎቶግራፍ አንሥተን በዚህ መጽሔት አናወጣም። ስለ እርዳታችሁ መተማመኛ ፋይሉ አለላችሁ፣ በማንኛውም ጊዜ መርምሩት። አሳዳጊዎችም እንዲሁ፤ ልጁ በእናንተ ማዘኑን ጽፎበት ይሆናል፣ ይጻፍ። ፈልጎ ካነበበላችሁ ስሙት፤ ካላነበበላችሁ ከፍራሹ ሥር አታውጡት።

ለመጀመሪያው ቀን ከየቤታችሁ የተመረመረ ወረቀት፣ ያረጀ ወንፊትና የነጠላ ቁራጭ ይዛችሁ ኑ። ዘነዘናውን እኛ እናመጣለን።