የጣናው ጉዞና የሰጠነው ቃል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አገልግሎት ጥራት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት የቁጥርና የሠንጠረዥ ንግግር ለማዘጋጀት ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ባሰላሰልሁ ቁጥር ከፊቴ ድቅን የሚለው በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ከእናቴ ጋር በጣና ሐይቅ ላይ ያደረግሁት የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ። ስለዚህ እርሱኑ እነግራችኋለሁ። ዓላማዬ ስሞታ ማሰማት አይደለም፤ ስሞታው በመጨረሻ ወደ ማን እንደሚዞር ታያላችሁና።

እናቴ የስማዳ ሰው ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ምዕራባዊ ገጽ የሚወርደው ዝናብ በጉማራና በርብ ወንዞች አድርጎ ጣና ሲገባ፣ የስማዳና የጋይንት ውሃ ግን አብዛኛው ወደ ምሥራቅ ወርዶ በበሽሎ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። እናቴም እንደ አገሯ ውሃ ሆና፣ ስልሳ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ጣናን በስም እንጂ በዓይኗ አታውቀውም ነበር። ነገር ግን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን በደቅ ደሴት ላሠሩት ለናርጋ ሥላሴ የቆየ ስለት ነበረባት። እኔም የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ፣ በእስቴና በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ይዣት ገባሁ።

ስማቸውን መጥራት የማያስፈልገኝ የጀልባ ባለቤቶች ጧት በ2 ሰዓት ተነሥተን ደቅ ደርሰን እንደምንመለስ፣ ምሳም እንደሚቀርብልን ነግረውን ሙሉ ሒሳቡን አስቀድመን ከፈልን። በማግሥቱ በሰዓቱ ወደቡ ላይ ተገኘን። መጀመሪያ ነዳጅ ይፈለጋል ተባለ፤ ቀጥሎ ሌሎች መንገደኞች ይጠበቃሉ ተባለ። የተነሣነው በ5 ሰዓት ነው። ለሃያ ሰው በተሠራች ጀልባ ሠላሳ አንድ ሆነን ተሳፈርን። ሕይወት አድን ጃኬቱን ብቆጥረው አሥራ ሁለት ብቻ ሆነ። የመጸዳጃው ክፍል የነዳጅ ጀሪካን ማስቀመጫ ሆኖ ተቆልፏል። ቀኑ ዓርብ ሆኖ ሳለ ለምሳ የቀረበው እንቁላል በዳቦ ነበረ። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ከስማዳ ይዛው የመጣችውን ቆሎ ፈታ መቆርጠም ጀመረች።

ከአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ጀልባዋ ፊቷን ወደ ዘጌ አዞረች። ምክንያቱን ብንጠይቅ ነጂው፣ «ደቅ ዛሬ አይደረስም፤ ያም ገዳም ነው፣ ይኸም ገዳም ነው» ሲል መለሰልን። ገንዘባችን ይመለስልን ያልን እንደሆነ ደግሞ ለነዳጅ ወጥቷል ተባልን። እናቴ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማ ስትወጣ፣ «ሁሉም የአንድ አምላክ ቤት ነው፤ ስለቱ ግን የናርጋ ነው» አለችኝ።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ በምላሹ መንገድ ላይ ተቀምጬ ጉዞውን አሰላሁት። በእንዲህ ያለች ጀልባ ደቅ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ5 ሰዓት የተነሣ በ8 ሰዓት ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሦስት ሰዓት ሲመለስ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ይመሻል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚበረታም የሐይቁ ሰዎች ያውቃሉ፤ ጀልባዋ ደግሞ መብራት የላትም። ስለዚህ ደቅ የማይደረስ መሆኑ ገመዱ ከመፈታቱ በፊት ወደቡ ላይ የታወቀ ነበር። ሞተሩ አልተበላሸም፤ ጀልባዋም ውሃ አላስገባችም። የተበላሸው ቃል ነው።

ይህንን ለእናቴ በቁጣ ብነግራት እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፦ «ልጄ፣ ጧት አይደረስም ቢሉን ማን ይቆጣቸው ነበር? በነጋታው እንመለስ ነበር እንጂ። እናንተስ ውሃው ለፋሲካ ይመጣል ብላችሁን አልነበረም ወይ? መምጣቱስ መጣ፤ ግን በሁለተኛው ፋሲካ ነው። ምንጩን አጥራችሁብን ዓመት ሙሉ ከገደል ስንቀዳ ከረምን።»

ያ የመጠጥ ውሃ ሥራ እኔ የተመደብሁበት ነበር። ቧንቧው ከመጋዘን እንዳልወጣ በየካቲት ወር አውቄ ነበር። ለበላይ ኃላፊ በደብዳቤ አስታወቅሁ፤ ለመንደሩ ግን አልነገርሁም፤ መንገርም የሥራዬ ክፍል መሆኑን አላሰብሁትም። ሥራው ሲያልቅ ውሃው ወረደ፤ ተመረቀ፤ በሪፖርቱ ላይም «ተከናውኗል» ተብሎ ተጻፈ። ያን ዓመት ገደል የወረዱት እንስራዎች በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አልገቡም።

ይህ የአንድ ጀልባ ወይም የአንድ ምንጭ ነገር ብቻ አይደለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የውሃውን አወጣጥ መቆጣጠር ተቻለ። በ1993 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ወዲያውም ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃና የዝናቡ እጥረት ተደራርበው በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ዝቅ በማለቱ የመርከብ ጉዞ እስኪቋረጥ ተደረሰ። የጣና ጥልቀት በጣም ከበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሐይቅ የጥቂት ክንድ መጉደል ወደቡን የብስ ያደርገዋል። መብራት ያገኘው ሰው እውነተኛ ተጠቃሚ ነው፤ ወደቡ ላይ የቀረውም መንገደኛ እንደዚሁ እውነተኛ ተጠቃሚ ነበረ። የሁለቱንም ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ የመሐንዲስ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለሕዝብ የምንሰጠው ቀን እንደ ብረትና እንደ ሲሚንቶ ሁሉ የንድፉ ክፍል ይሁን፤ ሲዛነፍም በዚያው ዕለት ለተጠቃሚው የሚናገር ሰው በስም ይመደብ። ሁለተኛ፣ አዲሱ ሳይፈስ አሮጌው ምንጭ አይታጠር። ሦስተኛ፣ የሥራ ሪፖርታችን የተሠራውን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ የጠበቀበትንም ጊዜ ይቁጠር።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ ከብዶናል፤ የእናቴም ጉልበት ደክሟል። ስለቷ ዛሬም አልደረሰም። የጀልባዋን ሰዎች ግን አሁን አልወቅሳቸውም፤ እኔም ወደቡ ላይ ቆሜ፣ እያወቅሁ፣ ገመዱን የፈታሁበት ቀን ነበርና።