ስለ ዱር ፍሬና ስለ ዋላ አደን ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ ቃል



ብልህ አዳኝ አውሬውን ከመፈለጉ አስቀድሞ አውሬው የሚበላውን ይፈልጋል። የዚህም ነገር እውነትነት በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ፣ አፓላሽያ በሚባሉት ተራሮች ከሚኖረው ጭራው ነጭ ከሆነው ዋላ ጠባይ ይታወቃል።

ዋላ በመዝሙረ ዳዊት ስሙ የተጠራ እንስሳ ነው፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም። የኢትዮጵያ አጋዘንና ድኩላ ቀንዳቸው እስከ ሞታቸው አብሯቸው ይኖራል፤ የወንዱ ዋላ ቀንድ ግን በየዓመቱ እየወደቀ እንደ ገና ይበቅላል። ስለዚህ ወገኑ ሌላ ነው።

በእነዚያ ተራሮች ኦክ የሚባል ታላቅ ዛፍ አለ። ፍሬው በመጸው ወራት ይረግፋል፤ ዋላውም የክረምቱ በረዶ ሳይደርስበት ይህን እየበላ ይወፍራል። አብዛኛው የአደን ወራት በሕግ የሚከፈተውም በዚሁ በመጸው ነው።

ኦክ ሁለት ወገን ነው። የነጩ ኦክ ፍሬ ባበበበት ዓመት ይበስላል፤ ምሬቱም ጥቂት ስለ ሆነ ዋላው አስቀድሞ የሚሻው እርሱን ነው። የቀዩ ኦክ ፍሬ ግን ለመብሰል ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ታኒን የሚባለው፣ ቆዳ በሚለፋበት ልጥ ውስጥ የሚገኘው ምሬትም ይበዛበታል። ስለዚህ ነጩ ሲያልቅ ቀዩ ለክረምት ስንቅ ይሆናል።

የፍሬው ብዛት ግን ከዓመት ዓመት እኩል አይደለም። በአበባው ጊዜ ውርጭ ከወረደ የነጩ ኦክ ጕዳት በዚያው ዓመት መጸው ይታያል፤ የቀዩ ግን በሚከተለው ዓመት ይገለጣል።

እንግዲህ ፍሬ በሞላበት ዓመት ዋላው ምግቡን በእግሩ ሥር ስለሚያገኝ ከጥቅጥቅ ዱር አይወጣም፤ ብዙም አይዘዋወርም። በእርሻ ዳር ተቀምጦ የሚጠብቀው አዳኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ፍሬ በታጣበት ዓመት ግን ዋላው ረኀብ እየነዳው ወደ እርሻና ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ለአዳኝ ዐይን ይጋለጣል፤ የሚገደለውም ይበዛል።

ስሕተት የሚገባው በዚህ ነው። ጥቂት ዋላ በተገደለበት ዓመት «ዋላው አለቀ» የሚል ይነሣል፤ ብዙ በተገደለበት ዓመት ደግሞ «ዋላው በዛ» የሚል ይነሣል። ነገር ግን የተለወጠው የዋላው ቍጥር ሳይሆን የሚውልበት ስፍራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሕተት ሕግ ቢወጣ፣ ሊጠበቅ የሚገባው መንጋ ይገደላል፤ ወይም ሊቀነስ የሚገባው በዝቶ ዱሩንና የገበሬውን አዝመራ ያጠፋል። ደግሞም በፍሬ ማጣት ዓመት የከሳች እናት በሚመጣው ዓመት ደካማ ግልገል ትወልዳለች። ስለዚህ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የዱር እንስሳት ሹማምንት ከ50 ዓመት በላይ የየዓመቱን ፍሬ ሲመረምሩ ኖረዋል፤ የመረመሩትንም ለአዳኞች ያስታውቃሉ።

በቀድሞ ዘመን በእነዚያ ተራሮች ቼስትነት የሚባል ሌላ ዛፍ ነበረ። ውርጭ ካለፈ በኋላ ስለሚያብብ ፍሬው በየዓመቱ አይጓደልም ነበር። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ከእስያ የመጣ የዛፍ በሽታ በኒው ዮርክ ታየ፤ በ50 ዓመት ውስጥም ከ3 እስከ 4 ቢሊዮን የሚገመት ዛፍ አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ዋላውም አዳኙም ተስፋቸውን በተለዋዋጩ በኦክ ላይ ጣሉ። አንድ ዛፍ ሲጠፋ የሚጐድለው እንጨት ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

መምህራን ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ቢነግሩ፣ በዚያው አያብቁ። የዋንዛውና የሾላው ፍሬ መቼ እንደ በሰለ፣ በዝቶ ወይም አንሶ እንደ ሆነ፣ ፍሬውም ባነሰ ጊዜ ጦጣና ዝንጀሮ ወደ አዝመራው ይበረቱ እንደ ሆነ ተማሪዎች በየዓመቱ በደብተር ይጻፉ። ሽማግሎችም ያዩትን ያለፈውን ዘመን ይንገሯቸው። የሽማግሌ ትዝታና የልጅ ጽሕፈት በአንድነት ሲገኙ፣ በአንድ ዓመት የታየውን ለዘለዓለም እንደ ሆነ አድርጎ መፍረድ ይቀራል።