ከመጠጥ ሱስ ለመውጣት አብሮ የሚቀመጡበትን ቦታ ስለ ማግኘት
(በአካባቢያችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በቅሬያችንም፣ በመስጊዱም ሆነ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ የማይነገር ነው። ይኸውም የመጠጥ ሱስ ነው። በከሚሴና በዙሪያዋ መጠጥ ሐራም መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለዚህ የሚጠጣው ሰው ተደብቆ ይጠጣል፤ ቤተሰቡም ይሸሽግለታል። ጫት ቅሞ «ለጨብሲ ብቻ ነው» እያለ የሚጀምርም አለ። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሎ የለም ወይ?

በቅድሚያ ስለ ሕክምናው እንናገር። በር ቆልፈውበት ለማስተው የሚያስቡ ቤተሰቦች ካሉ እባካችሁ አታድርጉት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በ24 ሰዓት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል። ይህ ጂን አይደለም፤ እብደትም አይደለም። ሰው ሊገድል የሚችል፣ በሐኪም እጅ ግን የሚታከም ነው። ስለሆነም እንዲህ ያለው ሰው መጠጡን ከማቆሙ በፊት ወደ ከተማችን ሆስፒታል ይወሰድ። ከዚያ በላይ የአእምሮ ሕክምና ካስፈለገው ደሴ አለ፤ አዲስ አበባም የአማኑኤል ሆስፒታል አለ።

ታዲያ ሕክምናው አልቆ ሰውዬው ወደ ሰፈሩ ሲመለስስ? መንገዱ ያው ነው፣ ጓደኞቹም ያው ናቸው። እዚህ ላይ ነው አብሮ መቀመጥ የሚያስፈልገው።

በ1927 ዓ.ም ግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ለሥራ ጉዳይ አክሮን ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ሄደ፤ ጉዳዩም ሳይሳካለት ቀረ። መጠጥ ከተወ ገና 5 ወሩ ነበር። ካረፈበት ሆቴል መጠጥ ቤት ይገባ ይሆናል ብሎ ራሱን ስለፈራ፣ ስልክ አንሥቶ ቀሳውስት ዘንድ ደወለ፤ እንደ እርሱ በመጠጥ የተጎዳ ሰው እንዲያገናኙት ጠየቀ። በሰው በሰው ቦብ ስሚዝ ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘና ለሰዓታት ተወያዩ። ሐኪሙም ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም የመጨረሻዋን መጠጥ ጠጣ። «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው፣ ዛሬ በብዙ አገር የሚገኘው ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው። አዲስ አበባም ስብሰባው አለ።

ሕጉ ቀላል ነው። ክፍያ የለም። የሰው ስምና ወሬ ከበር አይወጣም። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው። ለዚሁ ዓላማ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከተቀመጡ ስብሰባ ነው። ጥቅሙም ተመርምሯል፤ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በ2012 ዓ.ም 27 ጥናቶችንና በውስጣቸው ያሉ 10,565 ሰዎችን ተመልክቶ፣ ሰዎችን ወደዚህ ስብሰባ በሥርዓት የሚያስገባው ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው ገልጿል።

እንግዲህ እኛ ቦታውን እንዴት እናገኛለን? እንደ ዊልሰን በመጠየቅ ነው። የሆስፒታሉን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ፣ የምናምናቸውን ሼኽና ቄስ «መጠጥ ትቶ የቆየ፣ ሊያነጋግረኝ የሚፈቅድ ሰው ታውቃላችሁ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። በስልክ የሚደረግ ስብሰባም አለ፤ መንገድ ለማይመቸው ሰው ይጠቅማል። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ስም የሚመዘግብ ወይም በአንድ ቀን እናድናለን የሚል ካጋጠማችሁ ግን ተጠንቀቁ።

እኛ የወሎ ሰዎች አብሮ መቀመጥን አዲስ አንማረውም፤ ቅሬ አለን፣ ወዳጃ አለን፣ ሽምግልናም አለን። ልዩነቱ አንድ ነው። በሽምግልና አንዱ ይመክራል፣ ሌላው ይመከራል። በዚህኛው ግን መካሪም ተመካሪም የለም፤ ሁሉም የራሱን ተናግሮ የሌላውን ይሰማል። ስለዚህ ተግሣጽ ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ፣ በጎ ቢያስብም እንኳ፣ ሰውን ያሸሻል።

በመሆኑም ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የማኅበራችን ክፍል በየሳምንቱ እሑድ፣ በዙሁርና በአስር ሶላት መካከል፣ ለዚህ ጉዳይ ይለቀቅ። መዝገብ አይኑር። የኮሚቴ አባል ራሱ ችግሩ ከሌለበት አይግባ። ሴቶችም የሚጠጡ አሉና፣ እነርሱም ለብቻቸው የሚቀመጡበት ሰዓት ይሰጣቸው። የሚጠጣ ባል ወይም ልጅ ያላቸውም ለራሳቸው ይቀመጡ፤ እነርሱም የሚያወሩት ብዙ አላቸው።

ወጪው የቡናና የመብራት ነው። በመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ፣ ወይም ማንም ባይመጣ፣ ክፍሉ ይከፈት፤ በሚቀጥለውም ይከፈት። አንድ ሰው በሩን ለመግፋት ብዙ ሳምንት ሊፈጅበት ይችላልና፣ በመጣ ጊዜ ተዘግቶ እንዳያገኘው። በዚህ ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንድትሰጡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።