ድምፅ ለመንገደኛ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ፥ ዓይነ ስውር መንገደኛ በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች በሕዝብ ማመላለሻ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። የጥቂቶች ጉዳይ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ትምህርት ሲዘጋ አብረውን ወደ አገራቸው የሚሳፈሩ ጓደኞቻችን ጉዳይ ነው።

ነቀምቴ የመንገዶች መገናኛ ናት። በምሥራቅ በባኮና በአምቦ በኩል አዲስ አበባ፤ በምዕራብ ጊምቢ፤ በደቡብ በበደሌ በኩል ጅማ፤ በሰሜን ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ይደረሳል። ጊምቢ ላይም መንገዱ ይከፈልና አንዱ ወደ ደምቢ ዶሎ፥ ሌላው በነጆና በመንዲ አድርጎ ወደ አሶሳ ይሄዳል። እንግዲህ ዓይነ ስውሩ መናኸሪያ ሲገባ ከዚህ ሁሉ መካከል የራሱን መኪና በምን ያገኛል? በድምፅ ነው። ታፔላውን ባያነብም ረዳቱ «ጊምቢ! ጊምቢ!» ሲል ሰምቶ ድምፁን ይከተላል። ብዙዎቻችን እንደ ረብሻ የምንቈጥረው የረዳቶች ጩኸት ለእርሱ ታፔላው ነው። በለንደን አውቶቡሶች ውስጥ የሚቀጥለውን ፌርማታ ስም መሣሪያ ይናገራል፤ እኛ ዘንድ ይህንኑ የሰው አፍ ያለ አንዳች ወጪ ሊሠራው ይችላል።

ጭንቁ የሚመጣው ድምፁ ሲቆም ነው። መኪናው ሞልቶ ከተነሣ በኋላ ረዳቱ ዝም ይላል። ሌላው ተሳፋሪ በመስኮት አይቶ «ወራጅ አለ» ሲል፥ ዓይነ ስውሩ የመንገዱን መታጠፊያና የዳገቱን ርዝመት በልቡ እየቈጠረ ይገምታል፤ ግምቱ ካልሰመረ ከሰፈሩ አልፎ ይወርዳል። መልስ ሲሰጠውም ስንት እንደ ሆነ ካልተነገረው የማያውቀውን ሰው ማመን ግድ ይሆንበታል። ነጭ በትሩን «እንዳያስቸግርህ» ብለው ከዕቃ ጋር ጣሪያ ላይ የሚጭኑበትም አሉ፤ ይህ የሌላውን ሰው መነጽር ነጥቆ ሻንጣ ውስጥ እንደ መቈለፍ ነው።

በጥቂቱ የሚያዩ ሰዎች ችግር ደግሞ የተለየ ነው። የሰውን መልክና የመኪናውን ቀለም ለይተው ፊደሉን ማንበብ አይችሉም። «የነጆው የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁ «አታይም እንዴ?» ይባላሉ፤ በትር ቢይዙም «አስመሳይ» የሚላቸው አይጠፋም። ማየትና አለማየት ግን እንደ ቀትርና እንደ እኩለ ሌሊት ብቻ አይደሉም፤ በመካከላቸው ንጋትም ምሽትም አለ።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ መጓጓዣ ለአካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ምጽዋት አይደለም። ረዳቱ አዝኖ ሒሳቡን ቢተውለት ደግነት ነው፤ ዳሩ ግን መውረጃውን ሳይነግር ካሳለፈው ደግነቱ ምን ጠቀመው? ባኮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት፤ ብሬል ማንበብን የተማረ ልጅ ብቻውን ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ መድረስ ካልቻለ ትምህርቱ በደጅ ይቀራል።

እኛም ተማሪዎች የምናርመው ጠባይ አለ። ዓይነ ስውር ስናገኝ ክንዱን ይዘን መጐተት የለብንም፤ በመጀመሪያ «ልርዳህ ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ እሺ ካለ እርሱ የእኛን ክንድ ከክርን በላይ ይያዝ፤ እኛም ግማሽ እርምጃ ቀድመን እንሂድ። ደረጃ ወይም ቦይ ሲመጣ እንናገር። ጥለነው ስንሄድም መሄዳችንን እንንገረው፤ ለሌለ ሰው ሲያወራ መገኘት ያሳፍራልና።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከፈተናው ሳምንት በፊት ሦስት አባሎች፥ አንዱ ዓይነ ስውር ሆኖ፥ ተመርጠው ወደ መናኸሪያው ይሂዱና ተራ አስከባሪዎቹንና ረዳቶቹን ያነጋግሩ። የሚለምኑት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፤ ከመውረጃው በፊት ስሙን መጥራት፤ መልስ ሲሰጡ ቈጥሮ መናገር፤ በትሩን ከባለቤቱ አለመለየት። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ኮሚቴም አያስፈልግም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም? በአንድ መኪና ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ እንኳ አፉን ከከፈተ ጓደኛችን በሰላም ከደጁ ይወርዳል።