ልጆቻችን በዕረፍት ሰዓት ምን ይብሉ?

(በወላጆችና በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ የደጎሎ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ ጊዜያችሁን የምወስደው ልጆቻችን በዕረፍት ሰዓት ስለሚበሉትና ስለሚጠጡት ነው። ነገሩ ተራ ይምሰል እንጂ ጤናቸውንም ትምህርታቸውንም ይነካል።

ልጅ በማለዳ ተነሥቶ፣ አንዳንዱም ረዥም መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ባዶ ሆዱን ክፍል ይገባል። የዕረፍት ደወል ሲደወል በር ላይ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ቦንቦሊኖና ለስላሳ ነው። አንዲት ባለ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር ትይዛለች፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ የሚጨመር ስኳር ለአዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባያልፍ ይበጃል ብሏል። እንግዲህ ሕፃኑ ባንዲት ጠርሙስ የአዋቂውን ልክ አለፈ ማለት ነው። ስኳሩ ሆዱን አይዝለትም፤ ጥርሱንም ያበላሸዋል።

ታዲያ ምን ይብላ? መልሱ ከደጃችን አልራቀም። የጃማ ዋልካ መሬት ስንዴና ባቄላ ያበቅላል። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ አሹቅ፣ የገብስ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የቤት ዳቦ፣ በሶ፣ ከተገኘም እንቁላል አለ። ባቄላና እህል አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ሰውነትም ይገነባል። ለመጠጥ ንጹሕ ውሃ ይቅደም። ወተትና እርጎ መልካም ነው፤ በጾም ደግሞ ስኳር ያልበዛበት የተልባ ወይም የሱፍ ውሃ አለ።

«ቆሎማ የድሃ ነው፤ ልጄ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል» የምትሉ ትኖራላችሁ። በአገራችን ግን የቆሎ ተማሪ የሚባለው እኮ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከቆሎ ነው! ስንት ሊቅ በቆሎ ተምሮ ወጥቷል። ደረሳውም ሀገሬው ባቀረበለት እህል ነው የቀራው። ልጁ የሚያፍረው እኛ ስናፍር ስላየ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ በዋዛ እንዳታልፉት። ለልጆች በምናቀርበው ቆሎና ንፍሮ ውስጥ ጓያ አይግባ። ጓያ በብዛትና ለረዥም ጊዜ ሲበላ እግር ያሰናክላል፤ አንዴ ከያዘም አይድንም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። በዚያ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ደግሞ፣ አደጋው የሚብሰው ጓያው በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ ሲበላ ነው። ስለዚህ እህሉ በደንብ ይለቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቸርቻሪ እናቶችን ማባረር መፍትሔ አይሆንም፤ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ። ለምን ለስላሳና ብስኩት እንደሚመርጡ እንወቅላቸው። ለስላሳ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል፤ ንፍሮ ግን ካደረ ይሻግታል፤ ኪሳራው የሻጯ ነው። ይህን ኪሳራ ብቻዋን እንድትሸከም ትተን «ጤናማ ምግብ ሽጪ» ብንላት ከንቱ ምክር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሻጮቹ ቶሎ በማይበላሸው ይጀምሩ፤ በቆሎ፣ በዳቦ ቆሎና በዳቦ። ንፍሮውን ደግሞ ወላጆች ቀድመን በሳምንት ሒሳብ እንዘዝ፤ የስንት ልጅ እንደሆነ ከታወቀ አይተርፍም፣ አይከስርም።

ሁለተኛ፣ የወላጆች ኮሚቴ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ በግቢው ውስጥ የታከመ ውሃ ያለበት ባለ ቧንቧ በርሜልና የእጅ መታጠቢያ ያስቀምጥ። የሚጠጣ ውሃ ከሌለ ልጁ ለስላሳ ቢገዛ አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፣ ለልጅ ሳንቲም ሰጥቶ ከመሸኘት ምሳ ዕቃውን መቋጠር ይልመድብን። በአንድ ለስላሳ ዋጋ ስንት ስኒ ቆሎ እንደሚገኝ እናንተው ቁጠሩት።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። መልካም ሥራ ነው። ይሁንና ምገባ ባለበትም በሌለበትም ከትምህርት ቤት በር ውጪ የሚሸጠውን የምንመርጠው ገዢዎቹ ነን። እኛ የምንገዛውን ነው ሻጯ የምታቀርበው።

እናቶች፣ የሚከብዳችሁን ነገር ሳትደብቁ ንገሩን። ወላጆች፣ ለንፍሮው ትዕዛዝ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቁጥሩን ይዘን እንወስናለን።